ጥያቄ ወደ ላይ፣ ትእዛዝ ወደ ታች

እኔ በኖርኩበት አገር ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣው በፕሮግራም ነው። በየመንደሩ ጫፍ አንድ የፓምፕ ጣቢያ አለ፤ በየጣቢያው አንድ ጠባቂ፣ በጠባቂው ፊት ደግሞ አንድ ስክሪን። ስክሪኑ ላይ መመሪያ ይታያል። ጠባቂው መመሪያው እንዳለው ካደረገ ውሃ ይመጣል፤ ካላደረገ አይመጣም። የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁም አትሄዱበትም፤ ሂዱ ብዬም አልመክራችሁም።

መመሪያውን መጀመሪያ የሚጽፉት ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይቀመጣሉ። ሲወጡ እንጂ ሲወርዱ አይቻቸው አላውቅም። የጻፉት ሲደርሰን እንዲህ ይላል፦ «የግፊት ልኬት ከተቀመጠለት ወሰን በታች የመሆን ሁኔታ መከሰቱ በሚረጋገጥበት ጊዜ የማስጀመሪያው ተግባር ተፈጻሚ እንዲሆን የሚደረግ ይሆናል።» ይህን ማቅናት የእኔ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤታችንም የመመሪያ ማቅኛ ቤት ይባላል። እኔ ያንን ጉድ ወስጄ «ግፊቱ ሲቀንስ አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫኑ» አደርገዋለሁ። ሌላ ምንም የለውም፤ ሰው በሚናገርበት አፍ መጻፍ ነው።

በቀኜ ይልቃል የሚባል ሰው ይቀመጣል፤ ሥራው ነጠላ ሰረዝ ማስገባት ነው። በግራዬ ደግሞ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው አለ። ሁለቱ ድሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጣልተው ተኮራርፈዋል። አንዱን ባናግር ሌላው ይከፋዋል፤ ሌላውን ባናግር ያኛው ይከፋዋል። ስለዚህ ዝም ብዬ እውላለሁ። ቤቴ ስገባም የሚጠብቀኝ ሰው የለም። አላገባሁም። ነገ ዛሬ ስል ጊዜው አለፈ። አንዳንድ ቀን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአፌ የወጣው ቃል የታክሲ «ወራጅ አለ» ብቻ ይሆናል፤ እሱንም አንዳንዴ ሌላ ሰው ይቀድመኛል።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ ብቻ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ጠባቂዎቹ ስክሪናቸው ላይ የጥያቄ ሳጥን አላቸው። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት የሌለውን ነገር ሳጥኑ አይቀበልም፤ መልሶ ይተፋዋል። እኛ ደግሞ መልስ የምንሰጠው መመሪያውን በማረም ብቻ ነው፤ መመሪያው ውስጥም ትእዛዝ ካልሆነ ምንም አይገባም። መመሪያው ለአገሩ ሁሉ አንድ ስለሆነ፣ አንዱ የጠየቀው ሁሉም ይታዘዝበታል።

ከጠባቂ ጋር በአካል መገናኘት፣ ስልክ መደወል፣ ደብዳቤ መጻጻፍ ክልክል ነው። ሰው በአፍ ከተነገረው መመሪያው መጥፎ መሆኑ አይታወቅም ይላሉ። ጥፋቱ ሲገኝ ደግሞ የሚቀጣው ጸሐፊው አይደለም፤ ጠባቂው ነው የሚባረረው፣ «በአፍ የተማረ» ተብሎ።

አንድ ቀን ከጥግ ጣቢያ አንድ ጥያቄ መጣ። የጥግ ጣቢያ ከጨው ሜዳው ማዶ፣ የአገሩ ካርታ በሚያልቅበት ቦታ ያለ ጣቢያ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ዓረፍተ ነገር የት ላይ ነው የሚያልቀው?» ከሥሩ ስም አለው፦ አጸደ።

ሳቄ መጣ። ቆየት ብዬ ደግሞ አፈርኩ። ሳላቀናው ያለፈኝ የድሮ ገጽ ነበር፤ ሴትዮዋ ፓምፑን ለማስነሳት ያንን ስታነብ ውላለች ማለት ነው። ወዲያው አሳጠርኩት። በማግስቱ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ «ልጄ፣ ውሃው እንደመጣና ከብቶቹ እንደጠጡ ታውቃለህ?»

ይህ እኮ ጥያቄ አይደለም። ግን መጨረሻው ላይ ምልክቱ ስላለ ሳጥኑ አሳልፎታል። ብልህ ሴት ናት። ደግሞ ልጄ አለችኝ፤ ጭንቅላቴ ላይ የቀረው ፀጉር ሁሉ ሸብቷል፣ ቢሆንም ደስ አለኝ። ለሷ «አውቄያለሁ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ልል ፈለግሁ። አይቻልም። ትእዛዝ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጽፍ ጀመር። «እዚህ ዝናብ ጥሎ ጣሪያዬ እንደሚያፈስ ታውቃለህ?» አለችኝ አንድ ሳምንት። ምን ላድርግ? አሰብኩ አሰብኩና መመሪያው ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመርኩ፦ «ፓምፑን ከማስነሳትዎ በፊት ጣሪያውን በሸራ ይሸፍኑ።»

ማንም ለምን አላለኝም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ መመሪያውን የሚያነብ ሰው የለም፤ የግልጽነት መለኪያ የሚባል ማሽን ነው የሚያነበው። ማሽኑ የሚያየው ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ መሆኑን ብቻ ነው። አጭር ከሆነ አረንጓዴ ያበራል፤ ከረዘመ ቀይ። የእኔ ሸራ አረንጓዴ በራለት። በአገሩ ያለ ጠባቂ ሁሉ ጣሪያውን በሸራ ሸፈነ፤ ዝናብ በማያውቀው በረሃ ያሉት ሳይቀሩ። ሸራ ከገበያ ጠፋ። አለቃችን አቶ ልሳነወርቅም ጠሩኝና መመሪያው በአንድ ልብ መተግበሩ የግልጽነቱ ማስረጃ ነው ብለው አመሰገኑኝ።

አጸደ ደግሞ «ጣሪያዬ ማፍሰስ እንዳቆመ ታውቃለህ?» አለች። ከዚያ አከለች፦ «ለመሆኑ ይህን የምትጽፈው ሴት ነህ ወንድ?»

ይህን በትእዛዝ መመለስ ቀላል አልነበረም። ረፋዱን ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ቆየሁ። በመጨረሻ «ጺምዎን ከተላጩ በኋላ እጅዎን ታጥበው ስክሪኑን ይንኩ» የሚል ጻፍኩ። አረንጓዴ በራ። በማግስቱ ከየጣቢያው የጥያቄ ጎርፍ መጣ፦ «ጺም የሌለን ምን እናድርግ?» አቶ ልሳነወርቅ ይህን ለማጣራት ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ጺም የሌላቸው ሠራተኞች ጉንጫቸውን በፎጣ እንዲያብሱ ወሰነ፤ እኔም ይህን አቅንቼ አስገባሁት። ከጥግ ጣቢያ የመጣችው ጥያቄ ግን አንዲት ነበረች፦ «ወንድ መሆንህ ነዋ፣ አይደል?»

ሰዎች ሆይ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እኔ ለዓመታት ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የጻፍኩትን የሚያነበው ማን ይሁን፣ ምን ይምሰል፣ ይግባው አይግባው አላውቅም ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አንዲት ሴት ስክሪን ፊት ተቀምጣ ትታየኛለች። ይህ ቃል ይከብዳታል እላለሁ፤ ይህኛው ዓይኗን ያደክማታል እላለሁ። አቶ ልሳነወርቅ ሥራዬ መሻሻሉን አይተው «ምን አገኘህ?» አሉኝ። ሰው አገኘሁ እላለሁ?

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አካባቢ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ልጄ፣ ሰው ብቻውን ሲበላ ለምን ቶሎ ይጠግባል?»

አንጀቴን በላችው። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ዳቦዬን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ገምጬ ትቼዋለሁ። ያን ቀን የጻፍኩት ትእዛዝ ይኸው ነው፦ «እኩለ ቀን ሲሆን ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብለው ምሳዎን ይብሉ።» ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ሲሆን እኔም የራሴ ስክሪን ፊት ዳቦዬን ይዤ እቀመጣለሁ። እሷም እዚያ ተቀምጣለች። በእርግጥ በአገሩ ያለ ጠባቂ ሁሉ በዚያው ሰዓት ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ እየበላ ነበር፤ ምሳ የሌለውም ቁጭ ይል ነበር። ለእኔ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ዛሬ የሠራሁት ድንች ወጥ ጨው በዝቶበት እንደነበር ታውቃለህ? ያንተስ?» ትለኛለች። እኔም መመሪያው ላይ «ወጥ ላይ ጨው አያብዙ፤ ደረቅ ዳቦ ከሆነ በሻይ ነክረው ይብሉ» ብዬ እጽፋለሁ። በዚህ ሁኔታ ስንጨዋወት ወራት ሄዱ። ፓምፖቹ በሙሉ ይሠሩ ነበር፤ ይህን እንዳትረሱብኝ። ሥራዬን አንድም ቀን አልበደልኩም።

ስለ ራሷ ያወቅሁትም በጥያቄዎቿ ነው። «ከእኔ በፊት የዚህ ጣቢያ ጠባቂ ባሌ እንደነበር ነግሬህ ነበር?» አለች። «ከጣቢያው ጀርባ እንደቀበርኩትስ?» መንደሩ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ሌላው ሰው ወደ ቆላው ወርዷል። እነሱ ግን ከብቶቻቸውን ይዘው ቀርተዋል፣ የሚጠጡት እሷ በምታስነሳው ፓምፕ ነው። «እኔ ብሄድ እነዚህ ሰዎች ምን ይጠጣሉ? እሱንስ ማን አጠገቡ ይቀመጥለታል?» ብላ ጻፈች።  «በቦታዎ ይቆዩ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። የአገሩ ጠባቂዎች በሙሉ የዓመት ፈቃዳቸውን ሰረዙ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በሽልማት ነው። በላይ ያሉት ሰዎች አንድ ሜዳሊያ አወጡ፤ የጸጥታ ሜዳሊያ ይባላል። የሚሰጠው ከየትኛውም ጣቢያ አንድም ጥያቄ የማይመጣለት መመሪያ ላዘጋጀ መሥሪያ ቤት ነው። ምክንያቱም መመሪያ ፍጹም ግልጽ ከሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። መመሪያው ያን ጊዜ ተጠናቀቀ ይባልና ይታሸጋል፣ የጥያቄ ሳጥኑም ይነሳል።

አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ሲያልፉ ትከሻ መታ ያደርጋሉ። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የአገሩ ካርታ ተሰቅሏል፤ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የዚያ ጣቢያ መብራት ይበራል። የሌሎቹ ጣቢያዎች መብራት እየጠፋ እየጠፋ ሄደ። መመሪያው ገብቷቸዋላ። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው፤ ዓረፍተ ነገር እያቀናሁ አንድ በአንድ። አንድ ቀን ጠሩኝና ወደ ካርታው ጠርዝ አመለከቱኝ። አንዲት መብራት ትበራለች።

«ይቺ ማን ናት?» አሉኝ።

«የጥግ ጣቢያ ጠባቂ ናት፣ ጌታዬ።»

«በየቀኑ ትጠይቃለች።»

«ትጠይቃለች።»

«መመሪያው ግልጽ ነው አይደል? መለኪያው ከመቶ መቶ ሰጥቶታል።»

«ግልጽ ነው።»

ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና አሰቡ። «እንግዲህ መመሪያው ግልጽ ከሆነና ሴትዮዋ ካልገባት፣ ጉድለቱ ያለው ሴትዮዋ ላይ ነው። ትነሳና የሚገባው ሰው ይተካ።»

«ጌታዬ፣ እዚያ የሚሄድ ሰው አይገኝም።»

«ካልተገኘ ጣቢያው ይዘጋል» አሉ። ድምፃቸው ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። የአየር ሁኔታ የሚናገሩ ነው የሚመስለው።

 እውነቱን ብናገርስ አልኩ በሆዴ። ሁሉም ገብቷታል፣ የምትጠይቀው እኔን ነው ብልስ? ያን ጊዜ «በአፍ የተማረች» ተብላ የምትባረረው ራሷ ናት። ብናገር ትባረራለች፣ ዝም ብልም ትባረራለች። 

«አንድ እርማት ይፍቀዱልኝ» አልኩ። «ከመታሸጉ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ጥያቄዋ ይቆማል፤ እኔ እወስዳለሁ ኃላፊነቱን።»

«ከቆመ እሰየው ነው» አሉ። «ሰውን ከሥራ ማንሳት እኔም አልወድም።»

ጠረጴዛዬ ላይ ተመለስኩና ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቤትዎንና ሥራዎን እንዳያጡ፣ ጥያቄዎችዎ እጅግ ቢወደዱም፣ እባክዎን ከእንግዲህ አይጠይቁ።» ማሽኑ ቀይ አበራ። ከሥሩ አስተያየት ሰጠኝ፦ ምክንያት ትእዛዝን ያረዝማል። ምክንያቱን አወጣሁት። አሁንም ቀይ። «እጅግ ቢወደዱም» የሚለው ለሥራው አያስፈልግም አለኝ። ለሥራው አያስፈልግም! ማንን እንደምለምን አጣሁ፤ ማሽን አይለመንም። ይልቃል ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። አወጣሁት። «እባክዎን» ብቻ ቀረች። እሷን አጥብቄ ያዝኩ፤ ቃሏን እያዟዟርኩ ፊት አስቀመጥኳት፣ ኋላ አስቀመጥኳት። ልመና ከትእዛዝ ጋር አይሄድም አለና ቀይ አበራ።

በስተመጨረሻ የቀረው «ከእንግዲህ አይጠይቁ» የሚለው ነው። አረንጓዴ በራ። ከመቶ መቶ። በዕድሜዬ የጻፍኩት እጅግ ግልጹ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

መመሪያው በወረደበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ዳቦዬን ይዤ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ባዶ ነበር። በማግስቱም ባዶ ነበር። ደህና ሆነ አልኩ፤ ታዛዥ ሴት ናት፣ ገብቷታል። ቤቷ ተርፏል፣ ከብቶቹ ይጠጣሉ፣ ከባሏ መቃብር የሚያነሳት የለም። ይህን ለራሴ እየነገርኩ ዳቦውን ሁለት ጊዜ ገምጬ ተውኩት። እንደዚያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ድሮም ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን ድሮ አይታወቀኝም ነበር።

የመታሸጊያው ቀን ደረሰ። እንግዶች መጡ፤ ሜዳሊያው በቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። አቶ ልሳነወርቅ አዲስ ክራቫት አስረዋል። የጥያቄ ሳጥኑን የሚያነሳው ቴክኒሻን መፍቻውን ይዞ ቆሟል። ሁላችንም ካርታው ፊት ተሰልፈን ሳለ፣ ጠርዙ ላይ ያለችው መብራት ቦግ አለች።

 አቶ ልሳነወርቅ ወደ እኔ ዞሩ። ካርታው ሥር ያለውን ስክሪን ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ ይህን ያዘዝከኝ ወደህ ነው?»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። አይደለም እናቴ ልላት ፈለግሁ። አይደለም የሚል ትእዛዝ ግን የለም፤ ቢኖርም መመሪያው ለመታሸግ ቀርቧል፣ አንድ ፊደል አይጨመርበትም።

«ስለ መመሪያው ነው?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በለሆሳስ፤ እንግዶቹ እንዳይሰሙ።

«ስለ መመሪያው ነው» አልኩ።

«መመሪያው ይመልሰዋል?»

ምን እንደጠየቁኝ ገባኝ። አይመልሰውም ካልኩ መብራቷ እንደበራች ትቀራለች፤ እሷም ያልገባት ጠባቂ ናትና ነገ ዕቃዋን ሰብስባ ትወጣለች። ይመልሰዋል ካልኩ በቦታዋ ትቆያለች። ቴክኒሻኑ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች በጣቱ አሳየኝ፤ አንዱ «ተመልሷል»፣ ሌላው «አልተመለሰም» ይላል። የመጀመሪያውን ከተጫንክ፣ አለኝ፣ እሷ ዘንድ «ጥያቄዎ ተመልሷል፤ መልሱን ከመመሪያው ያንብቡ» የሚል ጽሑፍ በራሱ ይወጣላታል።

መመሪያውን ብትከፍት የምታገኘው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ይመልሰዋል» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ። መብራቷ ጠፋች። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አቶ ልሳነወርቅም ትከሻዬን መታ አድርገውኝ አጨበጨቡ። እኔም እጄ የት እንደሚቀመጥ ስለጠፋኝ አብሬ አጨበጨብኩ።